አካውንቴን ልዝጋው ወይስ ልተወው?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይጠቀስ ጠይቃለች።

«የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ አራት ወር አለፈኝ። ሌሊት ሳጠባ ስልኬን ከእጄ አልለይም። መጀመሪያ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ብዬ ነበር። አሁን ግን ልጄ ጠብቶ ከተኛ በኋላም ቁጭ ብዬ ስክሮል አደርጋለሁ። ከእኔ ጋር በአንድ ሰሞን የወለዱ ሴቶች ሆዳቸው ጥፍት ብሎ፣ ፀጉራቸው ተሠርቶ፣ ቤታቸው ጸድቶ አያለሁ። እኔ ገላዬን ለመታጠብ እንኳ ሰው መጠበቅ አለብኝ። መስታወት ፊት መቆም ትቻለሁ። ከምከተላቸው ሴቶች አንዷ ‹በሁለት ሳምንት ሆድ ያጠፋል› ያለችውን ሻይ ገዝቼ መጠጣት ጀመርኩ። ያስቀምጠኛል። ወተቴም የቀነሰ መሰለኝ። አንድ ትልቅ የእናቶች ግሩፕ ውስጥ ስለ ወተቱ ጠየቅኩ። ግማሹ ሰደበኝ፣ ግማሹ የመድኃኒት መዓት አዘዘልኝ። አንዲት ሴት ብቻ ኢንቦክስ ገብታ ‹እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር፣ አይዞሽ› አለችኝ። እያለቀስኩ መለስኩላት። ባለቤቴ ‹ችግሩ ስልኩ ነው፣ ጣይው› ይላል። ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚመልስልኝ ሌላ ማን አለ? አንዳንዴ ልጄ ሌላ እናት ቢኖረው ይሻለው ነበር እላለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አካውንቴን ልዝጋው ወይስ ልተወው?»

ውድ እህቴ፣

የጠየቅሽኝ ስለ አካውንትሽ ነው። እሱንም እመልስልሻለሁ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ ግን መጨረሻው አካባቢ ጣል አድርገሽ ያለፍሽው ነገር ነው። «ልጄ ሌላ እናት ቢኖረው ይሻለው ነበር» ብለሻል። ለማንም አልተናገርኩም ያልሽውን ለእኔ ስለጻፍሽልኝ አመሰግንሻለሁ። አሁን ደግሞ ፊት ለፊት ለሚያይሽ ሰው መንገር አለብሽ። ስለዚህ ከስልኩ በፊት ከዚህ እንጀምር።

ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ሆድ መባስና ያለ ምክንያት ማልቀስ ብዙ እናቶች ላይ ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ አልፎ ወራት ሲቆይ፣ ራስን መውቀስ ሲጨመርበት፣ «ለልጄ አልረባም» ወደሚል ሐሳብ ሲደርስ ግን ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከወለዱ ሴቶች 13 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፤ በአብዛኛውም ድባቴ ነው። ከስምንት እናቶች አንዷ ገደማ ማለት ነው። ያን የሚያህል ግሩፕ ውስጥ ስንት እናት እንዳንቺው ዝም ብላ እንደምታነብ አስቢው።

እኔ ሐኪም አይደለሁምና ድባቴ ነው ብዬ አልፈርድብሽም። ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ነገሩን መመርመር ሊጀምሩ ይችላሉ። ለዚህ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1987 የተዘጋጀ፣ የኤደንበርግ መጠይቅ የሚባል 10 ጥያቄ ያለው ወረቀት አለ። ያለፉት ሰባት ቀናት እንዴት እንደነበሩ ይጠይቃል። መሳቅ ችለሽ እንደሆነ፣ ያለ ጥፋትሽ ራስሽን ትወቅሺ እንደሆነ፣ እንቅልፍ እምቢ ይልሽ እንደሆነ። የመጨረሻው ጥያቄ ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብሽ እንደሆነ ነው። እሱን በሐቅ መልሺ። ማንም ልጅሽን አይነጥቅሽም። ይህ ሕመም ከሆነም ይታከማል። በምክክር የሚድኑ አሉ። መድኃኒት ካስፈለገም እያጠቡ የሚወሰድ አለ።

ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ። ያኔውኑ ሰው ቀስቅሺ፣ ብቻሽን አትሁኚ፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ሂጂ።

ሻዩን ከዛሬ ጀምሮ ተይው። ከእንዲህ ዓይነት «ሆድ የሚያጠፉ» ሻዮች ብዙዎቹ ሴና የሚባል የሚያስቀምጥ ቅጠል አለባቸው። ሲያስቀምጥሽ የሚወጣው ውሃ ነው፤ ስብ አይደለም። ሚዛኑ ዝቅ ይላል፣ ውሃ ስትጠጪ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። ሻጮቹ የሚኖሩት በእነዚያ መሃል ባሉት ጥቂት ቀናት ደስታ ነው። የምታጠባ እናት ደግሞ ወተት ለመሥራት ብቻ በቀን ከ300 ካሎሪ በላይ ተጨማሪ ምግብና ብዙ ፈሳሽ ያስፈልጋታል። አንቺ በአንድ በኩል እየሰጠሽ በሌላ በኩል እያፈሰስሽው ነው።

ወተቴ ቀነሰ ስላልሽው፣ ምናልባት ጨርሶ አልቀነሰ ይሆናል። ከወሊድ ጥቂት ወራት በኋላ ጡት እንደ መጀመሪያው ሰሞን መወጠሩን ያቆማል፤ ለስለስ ይላል። ሰውነትሽ የልጅሽን ፍላጎት ስለለመደ ነው። ብዙ እናቶች በዚህ ጊዜ ወተቴ ደረቀ ብለው ይደነግጣሉ። መለኪያው ልጁ ነው። በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ዳይፐር ካረጠበ፣ ክብደቱም እየጨመረ ከሄደ እየጠገበ ነው። ይህ ካልሆነ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ግሩፑ ውስጥ ከታዘዘልሽ የመድኃኒት መዓት አንዱንም አትሞክሪ። ልጅሽን አይተው፣ መዝነው፣ ያንቺን የጤና ሁኔታ ጠይቀው አይደለም ያዘዙልሽ።

ስለ ሆድሽም አንድ ነገር ልበል። ማህፀን ብቻውን ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። በእርግዝና የተራራቁት የሆድ ጡንቻዎች ደግሞ ለመመለስ አንዳንዷ ላይ ወራት፣ አንዳንዷ ላይ ከዓመት በላይ ይወስዳሉ። አራት ወር ምንም አይደለም።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ።

ባለቤትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት 112 ወጣት ሴቶችን በዕጣ ለሦስት ከፈላቸው። አንዳንዶቹ ለ10 ደቂቃ የራሳቸውን ፌስቡክ አዩ፣ ሌሎቹ የፋሽን መጽሔት ድረ ገጽ፣ የቀሩት ከመልክና ከቁመና ጋር የማይገናኝ ድረ ገጽ። ፌስቡክ ያዩት ከመጨረሻዎቹ ይልቅ ስሜታቸው ከፍቶ ተገኘ። በ10 ደቂቃ ነው ይህ። አንቺ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ፣ እንቅልፍ አጥተሽ፣ ወልደሽ በደከመ ሰውነት ነው የምታዪው። ቢከፋሽ ምን ይገርማል?

ሊዮን ፌስቲንገር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው፣ ሰው ራሱን የሚለካበት ቁርጥ ያለ መለኪያ ሲያጣ ዞር ብሎ ሌላውን ሰው ያያል። ለእናትነት መለኪያ የለውም። ፈተና የለው፣ ውጤት የለው። ስለዚህ እያንዳንዷ አዲስ እናት ጎኗ ያለችውን ማየቷ አይቀርም። ችግሩ ጎንሽ ያስቀመጥሻት ማን ናት ነው። በአካል የምታውቂያትን እናት ስትጮህም፣ ስትደክምም፣ ልብሷ ላይ ትውከት ፈስሶም ታያታለሽ። ስልክሽ ላይ ያለችው ግን ከስድሳ ፎቶ አንዱን መርጣ የለጠፈችልሽ ናት።

የሻይ ሻጯን «በፊትና በኋላ» ፎቶ እስቲ አንዴ ቀስ ብለሽ እዪው። እንዲህ ዓይነት ፎቶዎች ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ያህል ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያው ላይ መብራቱ ከላይ ነው፤ ሆድ ላይ ጥላ ይጥላል። ትከሻ ወርዷል፣ ሆድ ተለቋል፣ ፊት ላይ ሳቅ የለም። ሁለተኛው ላይ ሴትየዋ ወደ ጎን ዞራለች። ሱሪው ከእምብርት በላይ ተስቧል። ትንፋሽ ተይዟል፣ አንድ እግር ወደ ፊት ወጥቷል፣ ብርሃኑም ከመስኮት ነው። ይህን ለመሥራት ሁለት ሳምንት አያስፈልግም። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ፊልተር ሲጨመርበት ደግሞ ግማሽ ሰዓቱም አያስፈልግም። ኖርዌይ ነገሩ ስላሳሰባት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በማስታወቂያ ላይ የሰው ገላ በፎቶ ማስተካከያ ከተለወጠ ምልክት እንዲደረግበት በሕግ አስገድዳለች። ተከፍሏቸው የሚለጥፉ ታዋቂ ሰዎችንም ይጨምራል። አብዛኛው ሰው ስልኩ ላይ የሚያየው ግን ያለ ምንም ምልክት ነው።

ደግሞ ያን ሁሉ ፎቶ አንቺ ፈልገሽ አላመጣሽውም። አንዷ ላይ ላይክ ባታደርጊ እንኳ ቆም ብለሽ ማየትሽ ይመዘገባል። መተግበሪያው ለምን እንደቆምሽ አያውቅም። ወደሻት ይሁን ቆስለሽባት ለእሱ ያው ነው። «ይህን ታያለች» ብሎ ሌላ ያመጣልሻል፣ ከዚያ ሌላ። ኩባንያዎቹም ይህን አያውቁም አይባልም። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሀውገን እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ካደረገቻቸው የውስጥ ሰነዶች በአንዱ፣ ከታዳጊ ሴቶች 32 በመቶ የሚሆኑት ስለ ሰውነታቸው ሲከፋቸው ኢንስታግራም እንደሚያብስባቸው መናገራቸው ተጽፏል። አንቺ ታዳጊ አይደለሽም፤ ቁጥሩን እንዳለ ያንቺ ነው አልልሽም። ግን ነገሩን ውስጥ ሆነው የሠሩት ሰዎች ያዩትን ነገር አንቺ «የኔ ድክመት ነው» ብለሽ ብቻሽን ተሸክመሽዋል። ይህ በጣም ያናድደኛል። ሴቶች በገዛ ገላቸው እንዲያፍሩ እየተደረገ፣ ከዚያው እፍረት ሻይ ይሸጥበታል።

የእንቅልፉ ነገር ረጅም ወሬ አያስፈልገውም። አራስ ልጅ የሚቆርሰው እንቅልፍ አንሶ ስልኩ ቀሪውን ይወስዳል። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ድባቴን ያከፋል፣ ድባቴውም መልሶ እንቅልፍ ይነሳል። ልጁ ጠብቶ ከተኛ በኋላ የምታሳልፊው ያ ሰዓት ካለሽ ሁሉ ውዱ ሰዓት ነው።

እንግዲህ ባለቤትሽ ያልገባው ይኼ ነው። «ጣይው» ሲልሽ ሻይ ሻጯን ብቻ ሳይሆን ኢንቦክስ የገባችውንም ሴት ጣያት እያለሽ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «አይዞሽ» ያለሽ ሰው እሷ ብቻ ናት። ያን ተራ ነገር አድርጎ ማየት አይገባም።

ካናዳ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ልንገርሽ፤ ለአንቺ ደብዳቤ የተጻፈ እስኪመስለኝ ድረስ ወድጄዋለሁ። ተመራማሪዎቹ ቅድም በነገርኩሽ መጠይቅ ለድባቴ የተጋለጡ ሆነው የተገኙ 701 አራሶችን ወሰዱ። ግማሾቹ የተለመደውን የጤና ክትትል ብቻ አገኙ። ለሌሎቹ ደግሞ ስልክ የምትደውልላቸው አንዲት እናት ተመደበችላቸው። ሐኪም አይደለችም። ከዚህ በፊት ራሷ ድባቴ ውስጥ ገብታ የወጣች፣ አጭር ሥልጠና የተሰጣት በጎ ፈቃደኛ ናት። ከ12 ሳምንት በኋላ ሲታይ፣ ብቻቸውን ከቀሩት 25 በመቶ የሚሆኑት የድባቴ ምልክት ነበራቸው። ከተደወለላቸው ውስጥ ግን 14 በመቶ ብቻ። በስልክ ነው ይህ ሁሉ የሆነው! በወሬ ብቻ።

ስለዚህ ስልክሽን በሁለት ዓይን እዪው። አንደኛው የማያውቁሽ ሰዎች አምሮባቸው የሚያልፉበት ነው። ሌላው አንዲት ሰው አንቺን ብላ የምትመጣበት ነው። የመጀመሪያው ይጎዳሻል፤ ሁለተኛውን ግን በምንም ዋጋ እንዳትዘጊው። ለሰው ሰው ማስፈለጉ ለስሜት ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የ148 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ያጠናቀረ ሥራ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎችን አይቶ ነበር። ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቶቹ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ 50 በመቶ በልጦ ተገኝቷል።

ያቺን ሴት ዛሬውኑ ጻፊላት። «በድምፅ ብንነጋገር ደስ ይለኛል» በያት። እሷ ባትችል እንኳ ከምታውቂያቸው ወላዶች አንዷን ምረጪ። ፎቶዋ የሚያምረውን ሳይሆን የልቧን የምትነግርሽን። ብር ከጠየቀችሽ፣ የሚሸጥ ነገር ካመጣችብሽ ወይም ከሐኪም ልታርቅሽ ከሞከረች ግን ሌላ ሰው ፈልጊ።

ትልቁን ግሩፕ በተመለከተ፣ አትውጪ የሚል አቋም የለኝም። የሰደቡሽ ሰዎች ድካምሽን ሳያዩ ነው የፈረዱብሽ። ብትወጪ ምንም አታጪም። ብትቆዪም «የጥርስ ማብቀያ ዕድሜው ስንት ነው» ዓይነት ጥያቄ ጠይቂበት እንጂ ስለ መድኃኒትና ስለ ሆድ ዕቃሽ አትጠይቂበት።

አካውንትሽንስ? እኔ ብሆን አልዘጋውም፤ አጠብበዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 በ143 ተማሪዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ግማሾቹ ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን ለእያንዳንዳቸው በቀን 10 ደቂቃ ብቻ እንዲያዩ ተደረገ። ሙሉ በሙሉ አልተከለከሉም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብቸኝነታቸውና የድባቴ ስሜታቸው እንደልባቸው ከሚጠቀሙት በግልጽ ቀንሶ ታየ። ተማሪና አራስ አንድ አይደሉም፤ ግን የማያስከፍል ሙከራ ስለሆነ ሞክሪው።

እንዲህ ጀምሪ። ነገ ቀን ላይ፣ ሌላ ሰው ልጁን ይዞልሽ ሳለ፣ የምትከተያቸውን ገጾች ዝርዝር ክፈቺ። አንድ በአንድ እያየሽ «ይህን ካየሁ በኋላ እንዴት ነበርኩ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ከብዶሽ የነበረውን አንፎሎው አድርጊ። ዘመድ ወይም ጓደኛ ሆና ካፈርሽ ልጥፎቿ እንዳይታዩሽ ማድረግ ይቻላል፤ እሷ አታውቀውም። ሻይ ሻጯን ግን ሳትራሪ ብሎክ አድርጊ። ስለ ሆድና ስለ ክብደት የሚመጣብሽን ቪዲዮ ደግሞ «አልፈልግም» የሚለውን ምርጫ እየነካሽ እለፊው። ለጥቂት ቀናት ይታገልሻል፤ ከዚያ ሊቀንስልሽ ይችላል።

ለሌሊቱ ሌላ ዘዴ አለ። እንቅልፍ እንዳይጥልሽ የሚያስፈልግሽ ነገር በጆሮ የሚሰማ ይሁን። ቀን ላይ የምትወጂውን ትረካ፣ ስብከት ወይም ሙዚቃ አዘጋጅተሽ አስቀምጪ። ድምፁን ዝቅ አድርገሽ ከፍተሽ ስልኩን ገልብጠሽ አኑሪው። ለማየት የሚያምርሽ ከሆነ መተግበሪያዎቹን ከፊት ገጽ አንሺያቸው፤ ፈልጎ መክፈቱ ራሱ ያዘገይሻል። አንድ ሌሊት ተሸንፈሽ ብትከፍቺው ራስሽን አትውቀሺ። ያለሽ ወቀሳ ይበቃሻል።

ከባለቤትሽ ጋር ስትነጋገሪ «ስልኩ ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው» ክርክር ውስጥ አትግቢ። ለእኔ የጻፍሽውን ያንኑ ደብዳቤ አንብቢለት፤ መጨረሻውን ሳትዘይ። ማንበብ ካቃተሽ ስልኩን አቀብይውና ራሱ ያንብበው። ከዚያ ሁለት ነገር ጠይቂው። አንደኛ፣ ከሌሊቱ አንዱን ተራ እሱ ይነሳ። ጡት ባይኖረውም ልጁን ማምጣት፣ ማስገሳትና መልሶ ማስተኛት ይችላል። አንቺም ጠብቶ ሲያበቃ ወዲያው ትተኛለሽ። ሁለተኛ፣ የሐኪም ቀጠሮውን በዚህ ሳምንት እሱ ያስይዝና አብሮሽ ይሂድ። ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ይመዘንላችኋል። የሻዩን ማሸጊያ አትጣሉት፤ ሐኪሙ ውስጡ ምን እንዳለ አንብቦ እንዲያየው ይዛችሁት ግቡ።